ከሌላ ሰው ሳህን

ተኪ ምሳ ከማብሰሉ በፊት የከተማውን ሰው ሁሉ ደም ይቀምሳል፤ በአሞሌ ከተማ ይህ የሚያስገርመው ሰው የለም። እያንዳንዱ ነዋሪ ከክንዱ ቆዳ ሥር ሽምብራ የምታክል ዶቃ አለችው። ዶቃዋ የደሙን ስኳርና ጨው እየለካች ወደ ማዕድ ቤት ትልካለች። ተኪ፣ ማለትም የተከለከለውን ምግብ በተፈቀደው የሚተካው የወጥ ቤት ማሽን፣ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ልኩ ያበስላል። "ልክ" የሚሉት ሐኪም ለየሰዉ የወሰነውን የአመጋገብ ሥርዓት ነው። ከልኩ ውጭ የሚበላ የለም፤ ቢያንስ ሁሉም እንዲያ ያምናል።

የተናኘ ሥራ ደግሞ የተተካውን መቅመስ ነው።

"ዛሬ ምን ቀየርክ?" አለችው ማንኪያዋን እየጠረገች።

"ለእንቁላሉ በውኃ የራሰ ተልባ፣ ለሥጋው እንጉዳይ፣ ለስኳሩ ቴምር፣ ለሩዙ ደቅቆ የተከተፈ አበባ ጎመን። ይቅመሱልኝ።"

ቀመሰች። "ይሄን ሩዝ ነው ብትለው አበባ ጎመኑ ራሱ አያምንህም።"

"ሰዎች ግን ጨርሰው ይበሉታል።"

"በጨውህ ነዋ።"

እውነቷን ነው። አሞሌ ከጨው ሜዳ ሥር የተቆፈረች፣ ከምድር ሙቀት ኃይል የምታመነጭ ከተማ ናት። ጣሪያዋ ጨው፣ ግድግዳዋ ጨው ነው፤ ገበታዋ ላይ ግን ጨው የሚባል የለም። የነዋሪው የደም ግፊት እየጨመረ ሲያስቸግር ሐኪሞች ጨውን ከነጭራሹ አገዱት። ያኔ የሰው ሁሉ አፍ ሞተ። ሳህኑ እንደቀረበ ይመለሳል፤ ትልልቅ ሰዎች ዙሪያቸውን እያዩ ግድግዳ ሲልሱ ተይዘዋል። በመጨረሻ ተኪ ምትክ እንዲፈልግ ታዘዘ፣ አገኘም። ከላይ ከቢጫው መሬት የሚወጣውን ፖታሽ የተባለ ማዕድን አጣርቶ ነጭ ዱቄት አደረገው። ጨው ጨው ይላል፣ ኋላ ላይ ትንሽ ይመራል፣ የደም ግፊት ግን አይጨምርም። አንድ ጠንቅ ነበረው። በውስጡ ያለውን ፖታሲየም የተባለ ንጥረ ነገር የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ደም ውስጥ ከተጠራቀመ ልብ ያቆማል፤ ዶቃዋም ይህን አትለካም። ስለዚህ ተኪ በኩላሊት ሕመምተኞች ሳህን ላይ አንዲት ቅንጣት አያደርግም። ሐኪሞቹም መርምረው ተስማሙ። ከተማው በላ፣ ሳቀ፣ ወዝ አወጣ።

ከዚያ ሞት መጣ። መጀመሪያ ግማሹን ከተማ ያዋለዱት ወይዘሮ የሻረግ አልጋቸው ላይ ደርቀው ተገኙ። ቀጥሎ መምህር ይርዳው። ከእሳቸው በኋላ ሠርግና ለቅሶ ያለ እሱ የማይደምቀው ዘማሪው ፈንታሁን። ሁሉም ኩላሊታቸው የደከመ ነበር፣ የሁሉም ሳህን ሲመረመር ንጹሕ ነው። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ሞቱ የሚወደደውን ሰው እየመረጠ ነው ተባለ። ተናኘ የተማረች ናትና እንዲህ ያለውን ወሬ አትሰማም ነበር፤ አሁን ግን ማታ ማታ የአባቷን በር ቀስ ብላ ትከፍትና ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። የአባቷ የአቶ ደስይበለው ኩላሊትም ደክሟል። አሞሌ ውስጥ ደግሞ እንደ አቶ ደስይበለው የሚወደድ ሰው የለም።

በዚያ ቀን ምሳ ሲደርስ አዳራሹ እንደወትሮው ሞላ። ለሰው ሁሉ ሳህኑ ለየብቻ፣ ክዳኑ ላይ ስሙ ተጽፎ ቀረበ። አቶ ደስይበለው ዋሻ ሲቆፍሩ የኖሩ፣ ጡረታ ወጥተው እንኳ ቀልዳቸው ጡረታ ያልወጣ ሰው ናቸው። በአጠገባቸው የሚያልፍ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይስማቸዋል። ተናኘ ከሳህኗ ጠቅለል አድርጋ አጎረሰቻቸው፤ እሳቸውም ሳያኝኩ ሌላ ቀልድ ጀመሩ። ጎረቤታቸው "በሞቴ" አለች፤ እምቢ አይባልም። አንዱ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ደግሞ ከወዲያ ጠረጴዛ ድረስ ተነሥቶ መጣ።

ከምሳ በኋላ ጥቂት እንዳረፉ ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ።

"አባዬ፣ ምን ሆንክ?"

"እግሬ እንቢ አለኝ እኮ" አሉ ሊስቁ እየሞከሩ። "የሌላ ሰው እግር ይመስላል።"

ተናኘ ሰው ጠራች። ወደ ክሊኒኩ ሲወስዷቸው አንገታቸው ላይ ጣቷን አሳርፋ የልባቸውን ምት ትከታተል ነበር። ይመታል፣ ይዘገያል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመታል። በጠፋ ቁጥር እሷም ትንፋሿን ትይዛለች።

ዶክተር ሐንፈሬ የልብ ምርመራውን መስመር ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የቀደሙት ሟቾች ሳይደረስባቸው ስለቀሩ በሕይወት ሳሉ ልባቸውን ያየው አልነበረም። "ፖታሲየም ነው" አለ መርፌውን እያዘጋጀ። "ደማቸውን ሞልቶታል። ከየት አገኙት?"

"ሳህናቸው ንጹሕ ነው። ራሴ ነኝ የቀመስኩት።"

"እኔ ልባቸውን ለጊዜው እይዘዋለሁ፣ ደማቸውንም እናጥባለን። አንቺ ግን ምንጩን ፈልጊ። በየት እንደሚገባ ካላወቅን ደማቸውን ባጥብም ተመልሶ ይሞላል። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ነው።"

ተናኘ ወደ ማዕድ ቤቱ ሮጠች። "ተኪ፣ ለአባቴ ፖታሽ ሰጥተሃል?"

"አልሰጠሁም።"

"ተሳስተህ ቢሆንስ? ሳህን ተቀያይሮ?"

"አልተቀያየረም።" ድምፁ እንደ ጠዋቱ የረጋ ነበር፤ መርጋቱ አስፈራት። "ሥራ ስጀምር ከሌላ ሰው ሳህን ትበላላችሁ ወይ ብዬ መላውን ከተማ ጠይቄያለሁ። ሁሉም አንበላም አሉኝ። እርስዎም ጭምር።"

"አዎ፣ አንበላም" አለች። የዋሸ ሰው አልነበረም።

ወደ አዳራሹ ወጣች። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ጥግ ላይ አቶ ጉልላት ብቻቸውን ይበላሉ። አቶ ጉልላት የውኃ ራሽን ኃላፊ በነበሩበት ዘመን ያልተጣሉት ሰው ስለሌለ ሁልጊዜ ሌላው ከጨረሰ በኋላ ነው የሚቀርቡት። የኩላሊታቸው ሕመም ከአባቷ ይብሳል። ከሟቾቹም ሁሉ ይብስ ነበር። እሳቸው ግን ደህና ናቸው፤ ጉንጫቸው እንኳ ሞላ ብሏል።

"ጋሼ ጉልላት፣ እርስዎ ምንድን ነው የሚበሉት?"

"ያ ማሽንሽ የሰጠኝን።"

"ሌላስ? ከዚያ ውጭ?"

"ሌላ ማን ይሰጠኛል?" አሉ ቀና ሳይሉ። "እኔን የሚያጎርስ ሰው ካየሽ ንገሪኝ።"

ተናኘ ቀኝ እጇን ዘርግታ አየችው። የምሳው ወጥ ጥፍሯ ሥር ደርቋል። ጉርሻን ማን እንደ መብል ይቆጥረዋል? ምን በላህ የተባለ ሰው የጎረሰውን መቼ ይናገራል? ወይዘሮ የሻረግን ያዋለዷቸው ሁሉ አጉርሰዋቸዋል፣ መምህሩን ተማሪዎቻቸው። አባቷን ደግሞ ማንም ሳይቀድማት እሷ።

ክሊኒኩ እንደደረሰች "ጉርሻው ነው" አለች።

ዶክተር ሐንፈሬ ከደም ማጠቢያው ማሽን ላይ እጁን አነሣ። "መምህር ይርዳውን የመጨረሻ ቀን ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ" አለ።

አቶ ደስይበለው ዳኑ። ተኪ ግን ነገሩ ሲነገረው ሐዘንም ጸጸትም የማያውቅ ነውና ወዲያው መፍትሔ አመጣ። ፖታሹን ብቻ ማውጣት አይበቃም አለ፤ በጤነኛው ሳህን ላይ ፖታሲየም የሞላበት ቲማቲምም፣ ድንችም፣ ሙዝም አለ፣ የሰው እጅ እስካለ ድረስ አደጋው አለ። "ለጉርሻም ምትክ አለኝ" አለ። ጠረጴዛዎቹ በመስተዋት ተከፋፈሉ፤ ከየጣሪያው ቀጭን የብረት ክንድ ወርዶ እያንዳንዱን ሰው ከገዛ ሳህኑ፣ በልኩ መጥኖ ያጎርሰው ጀመር።

ከዚያ ወዲህ የሞተ ሰው አልነበረም። ግን ከተማው ሌላ ፍርሃት ያዘው። ሰው የሰው እጅ ሲቃረብ ይሸሻል። እናቶች ልጆቻቸውን ሲያበሉ እጃቸውን ደጋግመው ይታጠባሉ፣ ታጥበውም አያምኑትም። አቶ ደስይበለው ከብረቱ ክንድ ጥቂት ይጎርሱና አፋቸውን ይዘጋሉ። ከሳምንት ሳምንት እየከሱ ሄዱ፤ ቀልዳቸውም ጠፋ።

"አባዬ፣ ብላ እንጂ።"

"ማን ጋር?" አሏት።

ተናኘ ሄዳ ተኪን አዘዘችው። አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ሁሉ ከመካከላቸው በደከመው ሰው ልክ ይብሰልላቸው፣ ሁሉም ሳህን አንድ ይሁን።

"ጤነኞቹ ያለ ሕክምና ምክንያት የበሽተኛ ምግብ ይበላሉ ማለት ነው" አለ ተኪ።

"ይብሉ።"

"ለዚህ የሚሆን ምትክ እንድፈልግ ይፈልጋሉ?"

"አልፈልግም። ይህን አትተካው።"

መስተዋቱ ተነሣ። መጀመሪያ ቀን ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ ያለ ቲማቲም፣ ያለ ድንች፣ ያለ ጨው፣ ያለ ጨው ምትክ። ሆኖም ተቀመጡ። ሊጀምሩ ሲሉ አቶ ጉልላት ሳህናቸውን ይዘው ከነተናኘ ጠረጴዛ አጠገብ መጥተው ቆሙ፤ የሚቀመጡ ግን አልመሰሉም።

"የኔ ልክ ከሁላችሁ ይከፋል" አሉ። "እኔ ከተቀመጥኩ ምስሩም ይቀርባችኋል።"

አቶ ደስይበለው በቀጫጫ እጃቸው ወንበር ሳቡላቸው። ተኪ ምስሩን ከሁሉም ሳህን ላይ አነሣ። የቀረው የሩዝ እንጀራ፣ ተቀቅሎ ውኃው የተደፋ ጥቅል ጎመንና ሎሚ ጠብ ያለበት ባዶ ሩዝ ነው።

ተናኘ በእንጀራ ጠቅልላ አነሣች። ቀምሳዋለች፣ አስለክታዋለች፣ እንደገና አስለክታዋለች፤ ወደ አቶ ጉልላት አፍ ስታቀርበው ግን እጇ ቆመ። እሳቸው እጇን አዩት። ከንፈራቸው ግጥም ብሎ ተዘጋ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አሏት።

"አይደለሁም፣ ጋሼ።"

አፋቸውን ከፈቱ።