ጎል መስሎት

«እንዳትበልጪያቸው» አላት አባቷ ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ። «ደግሞ በጣም እንዳታንሺ። ገባሽ? ለወጉ ያህል ትንሽ ብቻ ተሸነፊ።»

ኑርሃን ወደ መንገዱ ዞረች። ነጩ መኪና አቧራውን እያቦነነ በወንዙ ዳር ወዳለው ሜዳ እየተጠጋ ነበር። አባቷ ቃሲም ቀኝ እጁን ከመዳፉ እስከ ክርኑ በፋሻ ጠቅልሎ በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። እጁ ምንም አልሆነም። ፋሻውን ጠዋት የጠቀለለችለት ራሷ ኑርሃን ናት። ተናዳ ስለነበር ትንሽ አጥብቃበታለች።

«አባ፣ አሁንም እኮ አልረፈደም። ጎልፍ አላውቅም በላቸው።»

«ሰውየው ጣርማ በርን አቋርጠው፣ ይሄን ሁሉ ቁልቁለት ወርደው ከመጡ በኋላ? ተይ እንጂ ኑሬ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ነገሩ የተበላሸው በስልክ ነው። ቃሲም የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ዘንድሮ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሽንኩርት ተትረፍርፎ ገዢ ጠፋ። ቃሲም ደግሞ አፉ አያርፍም፤ «እኔ ገዢ አመጣላችኋለሁ» ብሎ የሰፈሩን ገበሬ ሽንኩርት ሁሉ ከሜዳው ማዶ ባለው ዳስ ሥር አስከመረው። ሽንኩርት የቆላን ሙቀት ብዙ አይችልም። ከሥር ያለው መሽተት ጀምሯል። የጎረቤታቸው የጋሽ ሷሊሕ ሽንኩርትም እዚያው ነው። እሳቸው የልጃቸውን ሰርግ የሚደግሱት በእሱ ሽያጭ ነው፤ በየቀኑ እየመጡ ክምሩን በእጃቸው ገለጥ አድርገው ያዩና ይመለሳሉ።

በስንት ልመና የተገኘው ገዢ አቶ ስንታየሁ ናቸው፤ አዲስ አበባ ትልቅ የአትክልት ማከፋፈያ አላቸው። ሲደውሉ ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር። «ለመሆኑ ጎልፍ ትጫወታለህ?» ብለው ሲጠይቁ ለቃሲም ጆሮ የደረሰው «ጎል» ብቻ ነው። ቃሲም ደግሞ በጉብዝናው ዘመን የሰፈሩ በረኛ ነበር። እስከ ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያወራዋል።

«ጎል ላይማ ማን ይደርስብኛል» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የከተማውን ሰው ይጠይቁ።»

«እንዲህ ነው እንጂ። እኔ ሰውን ቢሮ ውስጥ አላውቀውም፣ ሜዳ ላይ ነው የማውቀው። በል ቦታ አዘጋጅ፤ ዱላዎቼን ይዤ እመጣለሁ» አሉና ዘጉት።

ቃሲም ስልኩን አገላብጦ አየው። «ጎል ለመጠበቅ ዱላ ምን ያደርጋል?» አለ።

ያስረዳችው ኑርሃን ናት። መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ «ደውልና ተሳስቼ ነው በላቸው» ስትለው ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ። ቃሲም አልደወለም። በማግስቱም አልደወለም። ይሉኝታ ቀፍድዶ ያዘው። «ደስ ብሏቸው ነው እኮ የዘጉት» ይላል። «አሁን ደውዬ ጎልና ጎልፍ አልለይም ብላቸው፣ ፋራ ነው ብለው ሽንኩርቱንም ይተዉታል።»

ስለዚህ መለማመድ ጀመሩ። ቪዲዮ ከስልክ አዩ፤ በያጁ ጎረቤታቸው ከፌሮ ብረት ዱላ መሰል ነገር ሠራላቸው። ቃሲም ሲመታ ኳሷ እቦታዋ ትቀርና ዱላው ይሄዳል። አንዴ የገዛ ቁርጭምጭሚቱን መትቶ ተቀመጠ። ኑርሃን ግን አልከበዳትም። ከጓደኛዋ ከሶስና ጋር በየዓመቱ ከወንዶቹ ጋር እየተጋፋች የገና ጨዋታ ትጫወታለች። እናቷ «አንቺ ደግሞ የማን ገና ነው የምትጫወቺው?» እያለች ብትቆጣም አልተወችም። ስለዚህ ኳስ በዱላ መምታት ለእጇ አዲስ አልነበረም። ቃሲም ቆሞ ሲያያት ቆየና ፊቱ በራ። ኑርሃን አባቷን ታውቀዋለች፤ ፊቱ እንደዚያ ሲበራ ደስ አይላትም። የፋሻው ነገር የመጣው ያኔ ነው።

መኪናው ቆመ። አቶ ስንታየሁ ነጭ ኮፍያ አድርገው ወረዱ። ከኋላቸው አንድ ወጣት የዱላ ቦርሳ ተሸክሞ ተከተለ፤ ዮሴፍ ይባላል፣ የድርጅታቸው ሥራ አስኪያጅ ነው።

«ምነው ቃሲም፣ እጅህን ምን ነካህ?»

«ትናንት ከጭነት ላይ ወድቄ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ አልተሰበረም» አለ ቃሲም። «እኔ ባልችልም ልጄ አለችልዎት። እኔው ነኝ ያስተማርኳት።»

ኑርሃን መሬት መሬቱን አየች። እስካሁን ውሸቱ የአባቷ ነበር። አሁን ዱላውን ይዛ እሷም አብራው ልትዋሽ ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው፤ ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ የከተተ ያሸንፋል። ለጉድጓድ ከሆቴል የለመኗቸውን የሳልሳ ጣሳዎች መሬት ውስጥ ቀብረዋቸዋል፤ በየአጠገቡም የጆንያ ቁራጭ የታሰረበት እንጨት ተክለዋል። አቶ ስንታየሁ አይተው ከልባቸው ሳቁ። ክፉ ሰው አይመስሉም። ከራሳቸው ዱላዎች ቀለል ያለውን መርጠው ሰጧት፤ አያያዟን አስተካከሉላት። የመጀመሪያውን ስትመታ ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች።

«ጎበዝ። የአባትሽ እጅ እንዳለበት ያስታውቃል» አሏት።

ቃሲም ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ፈገግ አለ። ከዚያ አሳለ። ሳሉ ምልክት ነው። ጥሩ ስትመታ ያስላል፤ በጣም ስትስትም ያስላል። ኑርሃን የትኛው ሳል የቱ እንደሆነ ተምታታባት። ኳሷን ወደ ጉድጓዱ አፍ ታደርሳትና ሆን ብላ በጣሳው ጠርዝ ታሳልፋታለች። አቶ ስንታየሁ ከንፈር ይመጡላታል፤ ዮሴፍ «ግሩም ምት ነው ጋሼ» ይላቸዋል፤ አባቷ ያስላል። ዱላውን ወርውራ ቤቷ ብትሄድ ምን ያህል ደስ ባላት። ግን ከማዶ ዳሱ ይታያል፤ ከዳሱ ሥር ደግሞ ገበሬዎቹ ተቀምጠው የዚህን ጨዋታ ማለቅ ይጠብቃሉ።

ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ሲሄዱ ዮሴፍ ከእሷ ጋር ወደኋላ ቀረት አለ።

«እየለቀቅሽላቸው ነው፣ አይደል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነቄ ነኝ፣ አይቼሻለሁ።»

«አንተስ?»

«እኔ?» ቦርሳውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረው። «ሥራ ከገባሁ ጀምሮ አሸንፌያቸው አላውቅም። አሁን ልሞክር ብልም የምችል አይመስለኝም።»

እየሳቀ ነው የነገራት። ኑርሃንን ግን አላሳቃትም።

የመጨረሻው ጉድጓድ ያለው ከመስኖው ቦይ አጠገብ ነው። እስከዚያ ድረስ እኩል ናቸው፤ ኑርሃን ይህን ያህል ማስተካከሏ ራሷንም ገርሟታል። አቶ ስንታየሁ እጃቸውን እፍ እፍ ብለው በኃይል መቱ። ኳሷ ወደ ላይ ጎነችና ጉድጓዱን አልፋ ቦዩ ውስጥ ዱብ ብላ ገባች። ቅርብ የነበረችው ኑርሃን ናት። ውሃው ሲረጭ አይታለች።

አቶ ስንታየሁ ፈጠን ፈጠን እያሉ ቦዩ ዳር ደረሱ። ጎንበስ ብለው ወዲያ ወዲህ አሉ፤ እጃቸው ኪሳቸው ገባ፤ ወጣ። ደረቁ ሣር ላይ ኳስ ተገኘች።

«ተርፋለች። ዳሩን ነክታ ተመልሳለች» አሉ ቀና ብለው። «አየሃት አይደል ቃሲም?»

«አየኋት እንጂ» አለ ቃሲም ከሩቅ። «ወላሂ፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየኋት።»

ኑርሃን ዞራ አየችው። እቤት ውስጥ በትንሽ ትልቁ ወላሂ ማለት ክልክል ነው። ልጅ ሆና «ወላሂ ስኳሩን አልበላሁም» ስትለው ጆሮዋን ይዞ «ስኳሩንስ ብትበይው ይሻል ነበር» ያላት እሱ ነው። ቃሲም ራሱም ቃሉ ካፉ ሲወጣ የደነገጠ መሰለ። ሳሉም ጠፋበት።

«አንቺስ?» አሉ አቶ ስንታየሁ። «ከሁላችንም ቅርብ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

ወዴትም መሄጃ አልነበራትም። አየሁ ብትል ከአባቷ ጋር በውሸት ልትመሰክር ነው። አላየሁም ብትል አባቷን ሰው ፊት ሐሰተኛ ልታደርገው ነው። ሽንኩርቱ ደግሞ አለ፤ ጋሽ ሷሊሕ አሉ። ኳስ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ነገ ሚዛኑ ላይ ሲቆምስ፣ ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ አፈረች፤ ፋሻውን የጠቀለለው ማን ሆነና ነው።

ጫማዋን አወለቀች። የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ቦዩ ውስጥ ገባች። ውሃው እስከ ጉልበቷ ደረሰ። ጭቃውን በእግሯ ጣት እየዳበሰች ፈለገች። አገኘቻት። አጠበቻትና ወጥታ በሁለት እጇ ለአቶ ስንታየሁ አቀረበችላቸው። ኳሷ ላይ «ስ» የምትል ፊደል በቀይ ተጽፋለች። ሣሩ ላይ ያለችውም ላይ ያቺው ፊደል አለች።

«ጋሼ፣ የመቷት ይቺን ነው።»

አቶ ስንታየሁ አልተቀበሏትም። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፍቷል። «አባትሽ እኮ ማለ» አሉ ቀስ ብለው። «አባትሽ በሐሰት ነው የማለው እያልሽኝ ነው?»

«ስለ አባቴ አይደለም። እኔ... እኔ ሆን ብዬ ነው ስስት የነበረው። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፋሻውንም እኔ ነኝ...»

«በቃ ተዪው ኑሬ» አለ ቃሲም። ወደ እነሱ መጣ። ሻሹን ካንገቱ አወለቀና ፋሻውን መፍታት ያዘ፤ ጠብቆ ስለነበር በጥርሱ ጭምር ነው የፈታው። «አስተግፊሩላህ። አላየኋትም አቶ ስንታየሁ። ቆሜ የነበረው እዚያ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ምንም አይታይም። ጎልፍም አላውቅም። በስልክ ጎል ያሉኝ መስሎኝ ነው።»

«ጎል?» አሉ አቶ ስንታየሁ።

«በረኛ ነበርኩ።»

ዮሴፍ ሳቁ አመለጠው። አለቃው ዞር ብለው ሲያዩት ወደ ቦርሳው ጎንበስ አለ። አቶ ስንታየሁ ሣሩ ላይ ያለችውን ኳስ አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። በኑርሃን እጅ ያለችውን ግን አልጠየቁም። ለጥቂት ጊዜ ወደ ዳሱ፣ ወደ ክምሩ አዩ። ከዚያ ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

«መንገዱ ሳይመሽብን ብንሄድ ይሻላል» አሉ። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት። «እንደዋወላለን ቃሲም።»

እንደዋወላለን ምን ማለት እንደሆነ ኑርሃንም ታውቃለች። ዮሴፍ ቦርሳውን ሲጭን ቀና ብሎ አያትና በአንገቱ ሰላምታ ሰጣት። መኪናው በመጣበት መንገድ ተመልሶ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

አባትና ልጅ ሜዳው ላይ ቀሩ። ቃሲም ፋሻውን በእጁ እየጠቀለለ ቆየ። ኑርሃን እስኪቆጣት ጠበቀች። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ወላሂ አልኩ አይደል?» አላት።

«አልክ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዳሱ ሥር ሰዎቹ አንድ በአንድ መነሳት ጀምረዋል። መኪናው ሳይጭን ሲሄድ ሁሉም አይተውታል።

«አንቺ ወደ ቤት ሂጂ» አላት ቃሲም። «በዋጋ አልተስማማንም እላ...» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። «እኔ እነግራቸዋለሁ። ይጮኹብኛል፤ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ።»

ኑርሃን ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ አየችው። ባዶ ነው፤ ጥላም አለው። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገ ምን እንደሚል ታውቃለች። ሽንኩርታችንን ያበሰበሰችው ይቺ ናት ሊሉ ይችላሉ።

«ይጩኹብን» አለችው።

ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ከጎኑ ሆና ወደ ዳሱ መራመድ ጀመረች። ጋሽ ሷሊሕ ከሰዎቹ ተለይተው ወደ እነሱ እየመጡ ነበር። የአባቷ እርምጃ እየዘገየ ሲሄድ ተሰማት። እሷ ግን አላዘገየችም፤ ቀድማው ሽማግሌው ፊት ደረሰች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ሷሊሕ» አለች። «ሽንኩርቱ አልተሸጠም። ምን እንደሆነ እኛ እንንገርዎት።»