ከፈንታነሽ ቀጥሎ

በ1972 ዓ.ም. ክረምት፣ ፈንታነሽ በምትሠራበት የደብረ ታቦር መሥሪያ ቤት ወሬው ሁሉ ስለ ፈተናው ነበር። በእንግሊዝኛ አንደኛ የወጣ ሠራተኛ ለሁለት ዓመት ትምህርት አዲስ አበባ ይላካል። ቦታው አንድ ብቻ ነው።

ፈንታነሽ ታይፒስት ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ የቀድሞ መምህሯ ትቶላት የሄደ፣ ጀርባው የተላቀቀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አላት። የመዝገብ ቤቱ ሙላቴ ሊዋሳት መጣ።

«አላውስም» አለችው። «ከፈለግህ እዚሁ ተቀምጠህ አንብብ።»

ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ። መዝገበ ቃላቱ የቃሉን ፍቺ ብቻ ሳይሆን የመጣበትንም ይናገራል። አንድ ቀን ሙላቴ ስለ ደረጃ የሚነገሩትን ቃላት ለቅሞ ጻፈ።

«ግሬድ ጥንት በላቲን እርምጃ ማለት ነበር። ራንክ ደግሞ የወታደር ሰልፍ።»

«ላስትስ?»

«ከሁሉ የዘገየ።»

«አንተን ነዋ!» ብላ ሳቀች፤ ጠዋት ጠዋት አርፍዶ ነው የሚገባው።

ሙላቴም ሳቀ። ከዚያ ጣቱን ሰከንድ፣ ማለትም ሁለተኛ፣ በሚለው ቃል ላይ አሳረፈ። «ይኼኛው ‹ተከታይ› ማለት ነበር ይላል። ለካ ሁለተኛ የተሸነፈ ሰው አይደለም።»

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ፈንታነሽ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ግን ፈተናው ሳያልፍ ምንም ላለማለት ወሰነች።

ውጤቱ ሲለጠፍ እሷ አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ ሆኑ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ግን የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ሞላ ሠራተኛውን ሰብስቦ የሚላከው ሙላቴ ነው አለ። የፈንታነሽ አባት ባላባት ስለነበሩ ለአብዮቱ ያላት ታማኝነት ያጠራጥራል ሲል አስረዳ።

ፈንታነሽ አንገቷን አልደፋችም። ሙላቴን ማየት ግን አቃታት።

ሙላቴ እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ የወጣሁት ሁለተኛ ነው። ከእሷ ቀድሜ አልሄድም።»

«እምቢ ማለትህ ነው?»

«አዎ። በጽሑፍም አቀርባለሁ።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እምቢታ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አልነበረም።

ሲወጡ ሮጣ ደረሰችበት። «ምን ነካህ? ቢያስሩህስ?»

«ስንቅ ታመጪልኛለሽ።»

«አላመጣም!» አለችው እያለቀሰች።

አላሰሩትም። ቦታውን ሦስተኛ ለወጣው ሰጥተው፣ ሙላቴን መኪና ወደማይደርስበት የጉና ተራራ ተዳፋት የእህል መጋዘን አዛወሩት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጽፍላታል፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ድንቹ። ስለ ፍቅር አንድም ቃል የለም። በአምስተኛው ወር ፈንታነሽ ትዕግሥቷ አለቀና አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ እሱ እስኪናገር ብጠብቅ አረጃለሁ።»

«በቅሎዋን ውሰጃት» አሏት አባቷ።

በገሳይ ከተማ በኩል ወደ ጉና ወጣች። ሙላቴን ከስቶ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ መጋዘኑ በር ላይ አገኘችው።

«ምነው፣ ደብዳቤው ሁሉ ድንች ብቻ?»

«ሌላውን ብጽፍ ትመጪያለሽ ብዬ ፈራሁ። እዚህ ብርድ ነው።»

«ብርድ ልብስ ይዣለሁ።»

«ስንት?»

«አንድ። ትልቅ ነው። ግን መጀመሪያ አባባ ዘንድ ሽማግሌ ላክ፤ እስከዚያ ገሳይ አክስቴ ቤት ነኝ።»

ሙላቴ መጋዘኑን ቆለፈና ሽማግሌ ፍለጋ አብሯት ቁልቁል ወረደ።