አባቴ በረንዳ ላይ የተወልኝ አሳ

እኔ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፣ ማህተም ያላረፈበትን ወረቀት እንኳ አላምንም፣ ጎረቤቶቼ የመንፈስ ወሬ ሲያነሱ ስልኬን ከፍቼ የምቀመጥ ሴት ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ወሬ ለማሳመር እንዳይመስላችሁ።

አባቴ ወጣትነቱን በምጽዋ ወደብ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ያሳለፈ ሰው ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከእኔ ጋር ሲኖርም ልቡ እዚያው ነው፣ ምጽዋ ሰው በሙቀቱ ደጅ ነው የሚያድረው እያለ የጠፍር አልጋውን በረንዳ ላይ አውጥቶ፣ በዚህ ብርድ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል፣ እኔ ደግሞ ሰው አየን ብዬ አፍር ነበር። የኤርትራ ድንበር መንገድ የተከፈተ ሰሞን በየምሽቱ የጉዞ ዕቅድ ያወጣልኝ ጀመር።

"የመጀመሪያ ቀን ምንም አትጎብኚ" ይለኛል፣ "ባሕሩ ውስጥ ገብተሽ ዝም ብለሽ ተንሳፈፊ። ሲመሽ የየመን ሰዎቹ አሳ ቤት ምድጃ ጋ እንሄዳለን፣ አሳውን ለሁለት ሰንጥቀው በርበሬ ቀብተው ነው የሚጋግሩት፣ በስስ ቂጣ ትበይዋለሽ። በማግስቱ ከባሕር በተቆረጠ ድንጋይ የተሠሩትን ቤቶች አሳይሻለሁ።"

እሺ አባባ፣ የዓመት ፈቃዴን ልውሰድ እለዋለሁ። ፈቃዱ ነበረኝ፣ እመኑኝ፣ ማንም አልከለከለኝም፣ ሰንፌ ነው። መንገዱ ተዘጋ፣ አባቴም ዓምና ሞተ። አልጋውን ለማንሳት አንጀቴ ስላልቻለ እዚያው በረንዳ ላይ ቀረ።

አንድ ዓርብ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ከእኔ በታች የሚኖሩት የወሎዋ እትዬ ዘይነባ ናቸው።

"ልጄ፣ በረንዳሽ ውሃ እያፈሰሰ ያጠብኩትን ልብስ አበላሸብኝ" አሉኝ።

"ኧረ እትዬ፣ ውሃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀናችን እኮ ነው፣ ጀሪካኔም ባዶ ነው።"

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ" ብለው ሻሻቸውን ዘረጉልኝ። የደረቀው ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ጋግሮበታል። በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት፣ ጨው ነው።

እሳቸው እንደወረዱ የአልጋው ድምፅ መጣ፣ ሰው ጎኑን ሲለውጥ እንደሚያሰማው ሲጥ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ሲጥ። ንፋስ ነው እንዳልል መጋረጃው ንቅንቅ አላለም። የአሳና የበርበሬ ሽታ ሲከተል ግን በሩን ከፈትኩት።

አልጋው ላይ ማንም የለም። መሃሉ ግን ሰው እንደተኛበት ረግቧል፣ ከሥሩም ውሃ ይንጠባጠባል። ራስጌው ላይ ቂጣ የተነጠፈለት ትኩስ አሳ አለ፣ ግማሹ እስከ አጥንቱ ተበልቷል፣ ግማሹ አልተነካም። አባቴ የሰው ድርሻ ነክቶ አያውቅም፣ ያ ግማሽ የኔ ነበር፣ እንዴት አወቅሽ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

አልፈራሁም፣ የሚያናድደኝም ይሄው ነው፣ እንደውም አማረኝ። ግን ዓርብ ነው፣ እኔ ደግሞ በጾም ቀን አሳ አልነካም፣ አባቴ በሕይወት እያለ "የባሕር ሰው ሁሉ ይበላዋል" ብሎ ሲከራከረኝም እሺ ብዬው አላውቅም። ሳህን ከደንኩበትና "አባባ፣ ነገ ጠዋት እበላዋለሁ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለባዶ አልጋ።

ሲጥ የሚለው ነገር ቆመ።

ጠዋት ሳህኑን ሳነሳ ከሥሩ ምንም አልነበረም፣ አልጋውም ደርቋል። ተቀይሞኝ ይሁን ወይስ ብቻውን ወደ ምጽዋው ሄዶ አላውቅም፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር ግን ከመሥሪያ ቤት ቶሎ ወጥቼ መጀመሪያ እትዬ ዘይነባን አንኳኳለሁ፣ ልብስዎ ረጠበ ወይ እላቸዋለሁ።

"ደረቅ ነው ልጄ" ይሉኛል።