ወንድሜ እጁን ያስገባበት ሞተር

ማመን የፈለገ ይመነኝ፤ ያልፈለገ ይተወው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነበር።

እሁድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። የዱቄት ፋብሪካው ምድር ቤት ውስጥ።

ወፍጮዎቹ ቆመዋል። በግቢው ያለነው እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና በሩ ላይ የሚያንቀላፋው ጥበቃ ብቻ ነን።

እውነቱን ልናገር... በወንድሜ እቀና ነበር።

ብሎን መፍታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ አለቃዬ ሆኗል። ሥራ አስኪያጁ እኔን አልፎ እሱን ይጠይቃል። ሚስቴ እንኳ ፍሪጃችን ሲበላሽ "ኧረ ወንድምህን ጥራው" ትለኛለች... ኤሌክትሪሻን ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ!

ዱቄቱን ወደ ማሸጊያው የሚገፋው ረጅም ጠመዝማዛ ብረት፣ ስክሪው፣ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሏል። ስናስነሳው ሞተሩ ያቃስታል... ከረንቱ ሽቅብ ይወጣል... ከዚያ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ድራይቭ ያጠፋዋል። ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ይመጣል።

"ሞተሩ ታግዷል።"

ዱቄት ተጠቅጥቆ ይሆናል ብለን ስክሪውን ከፈትን። ባዶ ነው። ዘንጉ የሚዞርበትን ቤሪንግ አየን። ደህና ነው። ወንድሜ ሽቦዎቹን ለካ፤ ድራይቩ ላይ የተሞሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አመሳከረ። ልክ ናቸው።

ሞተሩን ከስክሪው ለየነው። ዘንጉ በአንድ ጣት ይዞራል።

ብቻውን አስነሳነው።

"ሞተሩ ታግዷል።"

ወንድሜ ዘንጉን ዳሰሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ... ይሞቃል።"

"ሞተር አይደል እንዴ? ይሞቃላ።"

"እንደሱ አይደለም... እንደ ሰው እጅ ነው የሚሞቀው።"

"ፈራህ እንዴ፣ አለቃ?" አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር።

"ዋናውን ማብሪያ አጥፍተህ ቆልፈው፤ መልሼ ላገናኘው" አለኝ።

ቆለፍኩት። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ እዚያው ማብሪያው ጋ ቆምኩ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛና እጁን በሞተሩና በስክሪው ዘንጎች መካከል እስከ ክርኑ አስገባ። ሞተሩ ቢነሳ ያ እጅ አይተርፍም።

ስልኩ ጠራ። በሌላኛው እጁ ከፍቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ምድር ቤቱን ሞላው።

"አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!"

ደረቴ ተቃጠለ።

ቁልፉን አወጣሁ... ማብሪያውን መለስኩ። ድራይቩ እስኪነቃ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። ሐሳቤን መቀየር እችል ነበር።

አልቀየርኩም።

ማስነሻውን ጫንኩት።

ሞተሩ አቃሰተ... ከረንቱ ሽቅብ ወጣ...

"ሞተሩ ታግዷል።"

ማብሪያውን አጠፋሁና እየተደናበርኩ ወደ ወንድሜ ሮጥኩ። እጁን አውጥቷል። ሙሉ እጅ... ጭረት እንኳ የለውም። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

"ተንቀጠቀጠብኝ እኮ" አለ በሹክሹክታ። "እንኳን ያዝክልኝ፣ ጋሼ።"

"ምኑን?"

"ዘንጉን ነዋ። በዚያ በኩል። እጅህ እጄን ነካኝ እኮ።"

መዋሸት እችል ነበር... ግን አቃተኝ።

"እኔ ማብሪያው ጋ ነበርኩ" አልኩት። "ያስነሳሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው።"

አልጮኸም፤ አልሰደበኝም። ብቻ አንድ እርምጃ ከእኔ ራቀ። እስከ ዛሬም እንደራቀ ነው።

ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

"ታዲያ... የያዘው ማነው?"

ሁለታችንም ከሞተሩ ጀርባ አጎነበስን። በሞተሩና በግድግዳው መካከል ስንዝር የማይሞላ ክፍተት አለ። ሰው ቀርቶ ሕፃን ልጅ አያሾልክም። ወለሉ ላይ ዱቄት ተነስንሷል።

ዱቄቱ ላይ ሁለት የባዶ እግር ዱካዎች አሉ። ተረከዛቸው ወደ ክፍተቱ መጨረሻ ነው... ጣቶቻቸው ወደ እኛ ዞረዋል።

ወንድሜ ሳያስበው እጄን ጨበጠኝ።

ዓይናችን እያየ... ሦስተኛ ዱካ ወደ እኛ ቀርቦ፣ ቀስ ብሎ ዱቄቱ ላይ ታተመ።