በማርያም ዕለት የተከፈተ ቦይ

ቲቸር እንዳላማው ከድንች ማሳቸው ዳር፣ ውሃ በሞላው ቦይ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተመትቷል፤ ነጭ ነጠላቸው ጭቃ ጠጥቷል። አጠገባቸው የወደቀው ዶማ የጎረቤታቸው የአበባው ነው። ሁለቱ በመስኖ ውሃ ሲነታረኩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰዎች ናቸውና፣ እንግዲህ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል! ፀሐይ ሳትበረታ አበባው እጁን ታስሮ በገዛ ቤቱ ተዘጋበት። የሟቹ ወንድሞች ጠመንጃቸውን ይዘው አጥሩን ከበቡ። «እስከ ቀብሩ እንታገሣለን፤ ከዚያ ደማችንን እንመልሳለን» አሉ።

ልጁ ሥራነሽም ከአባቷ ጋር ተዘግቶባታል። ሮብ ገበያ ከተማ እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ የሟቹ የድሮ ተማሪ ናት። መውጫ የለም። ዛሬ አባቷ ገዳይ ከተባለ ነገ የሚታደኑት ወንድሞቿ ናቸው። በመስኮቱ ባየች ቁጥር የሚታያት አፈሙዝ ነው።

ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ኢንስፔክተር ዓይናዲስ ግን ወይ መቸኮል! ደልደል ያለች፣ ሰው ሲያወራ ፊቱን ትታ እግሩን የምታይ ሴት ናት። ቦዩን ዞራ አየችና መጥታ አበባው ፊት ተቀመጠች።

«ዶማዎ የት ነው የሚያድረው፣ አባቴ?»

«አጥር ላይ ተደግፎ። ማን ይወስደዋል ብዬ!»

«ገደሏቸው?»

«በስመ አብ! ተሳድበናል፣ ሽማግሌ ፊት ቆመናል። ግን በማርያም ቀን እኔ ዶማ እነካለሁ?»

ከውጭ የሰሙት አፌዙበት። ሰው የገደለ በዓል ያከብራል እንዴ፣ ተባባሉ።

ዓይናዲስ ወደ ሥራነሽ ዞረች። «ቲቸር ከሌላ ሰው ጋር ቅያሜ ነበራቸው?»

ሥራነሽ አመነታች። ከዚህ ቤት ሆኖ ሌላ ሰው መጠቆም አሳፈራት። ግን አባቷ ነው።

«የወንድማቸው ልጅ አንተነህ አለ፤ ማርቆስ ተወልዶ እዚያው ነው የሚኖር። ቲቸር የድሮ እንግሊዝኛ ቃላት ከላቲን የመጡበትን ሲለቅሙ ነው የኖሩት። ‹ስትሪት› ከ‹ስትራታ› መጣ፣ የተነጠፈ መንገድ ማለት ነው፤ ‹ዎል› ከ‹ቫሉም› መጣ፣ የምሽግ አጥር ነው ይሉን ነበር። አንተነህ ያንን ሁሉ በቪዲዮ እየለቀቀ ስንት ሺህ ተከታይ አፈራበት። ስማቸውን አንድ ቀን እንኳ አላነሳም።»

«ያውቁ ነበር?»

«እኔው ነኝ ያሳየኋቸው። ‹ራይቫል› ስለሚለው ቃል የለቀቀውን ቪዲዮ ነበር። በላቲን ከአንድ ወንዝ ውሃ የሚጋሩ ሰዎች ማለት ነው፤ ተቀናቃኝ ማለት የሆነው በኋላ ነው። ቲቸር ሁልጊዜ ‹እንደኔና እንዳበባው› ብለው ነበር የሚያስረዱን። አንተነህም ቪዲዮው ላይ ‹ውሃ እንደምሻማው እንደ ጎረቤቴ› ይላል። እሱ እኮ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ነው የሚኖር! ቲቸር መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ ግን ‹እውነቱን ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ› አሉኝ።»

ዓይናዲስ አንተነህን አስጠራችው። ድምፁ በለቅሶ ተዘግቷል።

«መቼ መጣህ?»

«መርዶ እንደሰማሁ። ከመኪና ወርጄ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ወደ ቦዩ ልውረድ ብል እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ምን አሉህ?»

«ትናንት በስልክ ‹ነገ የውሃ ተራዬ ነው፤ ማልጄ እከፍታለሁ፤ ያ አበባው ግን አይለቀኝም› አለኝ።» እንባው ወረደ።

አለቀልን፣ አለች ሥራነሽ በልቧ። ዓይናዲስ የአንተነህን ጫማ አየች። የሟቹን ወንድሞችና የመንደሩን የውሃ አባት፣ ሽማግሌውን አምደሚካኤልን፣ ወደ ቤት አስገባች። ጠመንጃዎቹ ደጅ ቀሩ።

«አባቴ፣ ውሃውን የሚያከፋፍሉት እርስዎ ነዎት። ዛሬ የማን ተራ ነው?»

«የማንም!» አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው። «ማርያም አይደለች እንዴ? በየወሩ በሃያ አንድ ውሃው ለጠበሉ ይለቀቃል። ቦይ የሚከፍት የለም።»

«የተናደደ ሰውስ?»

«የተናደደማ ይማታል፣ እግዜር ይጠብቀን። ድንች ግን አያጠጣም!»

«በሉ ስሙኝ» አለች ዓይናዲስ። «ቲቸር ነጭ ነጠላ ለብሰው ወደ ቅዳሴ እየሄዱ ነበር እንጂ ወደ መስኖ አልነበረም። ቦዩን የከፈተው ገዳዩ ነው፤ የውሃ ጠብ እንዲመስል። አበባው ቢሆኑ በዚህ ቀን ቦይ አይከፍቱም፤ ቢከፈትም የውሃ ተራ ጠብ እንደማይመስል ያውቃሉ። ቲቸርም ‹ነገ ተራዬ ነው› አይሉም። ይህን ፈጥሮ ያወራው የዚህን አገር የውሃ ሥርዓት የማያውቅ ሰው ነው።»

«ሐዘን ላይ ነኝ፤ ተምታቶብኝ ይሆናል!» አለ አንተነህ።

«ይሁን። ጫማህን አንሳ እስቲ። በጋ ነው፤ ከመኪናው መንገድ እስከ ለቅሶ ቤቱ አቧራ ብቻ ነው። ወደ ቦዩም አልወረድሁም ብለሃል። ታዲያ ማሰሪያው ውስጥ የገባው እርጥብ ጭቃ ከየት መጣ?»

ሁሉም አጎንብሶ አየ። አንተነህ እግሩን ሊሰበስብ ሞከረ፤ የሚሰበስብበት አጣ። ወደ በሩ ቢያይ አጎቶቹ ቆመዋል።

«ለመንሁት» አለ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ሌባ ይለኛል አልሁት። እሱ እቴ! ‹ቃሎቹን ውሰዳቸው፣ ስሜን ብቻ ጨምርበት› አለኝ።»

«ይችን ብቻ?» አለ ታላቅ አጎቱ። ደሙ ከራሱ ቤት ሆነበትና ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

ከዓይናዲስ ጋር የመጡት ፖሊሶች አንተነህን ይዘውት ወጡ። ሥራነሽ የአባቷን ገመድ ፈታች። «ተመስገን፣ አባቴ፣ ወጣን!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ግን አልሰማትም። የተላጠ እጁን እያሻሸ፣ በተከፈተው በር ወጥቶ፣ ከበውት በነበሩት ሰዎች መሃል አልፎ ለቅሶ ቤት ገባ። ከአስከሬኑ ራስጌ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አንተ እንዳላማው» አለ፣ «እንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ?»