የተተፋው ቅጠል

ወይዘሮ ዘርፌ የሞቱት በገዛ ጓሯቸው፣ የመካነ ኢየሱስ ትልቅ ትልቅ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ነው። ሞታቸውም ደግ ሞት አልነበረም። በጌሾውና በጎመኑ መካከል እየተንገዳገዱ፣ ውሃ ውሃ እያሉ፣ ከሞተ ዘመን ካለፈው ባላቸው ጋር ሲሟገቱ ዓይናቸው አለቅጥ ሰፍቶ ወደቁ። ሳይመሽም አለፉ።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። የዚያን ቀኑን የጓሮ ጉብኝት ያመጡት የወረዳው ገዥ ባለቤት ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ናቸው። ለድሃ ሕሙማን መርጃ ይሁን ተብሎ ባለጓሮው በሩን ይከፍታል፣ ጎብኚው ከቅዳሴ መልስ አንዳንድ ቁና ገብስ ይዞ ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። «የሰው ጎመን ለማየት ገብስ! ወይ ዘመን!» ብሎ ያላገጠው ሁሉ ቁናውን ተሸክሞ መጣ። የጎረቤትን አጥር ገልጦ ማየትን የመሰለ ምን ነገር አለ?

በማግስቱ ጠዋት የወረዳው ፖሊስ መርማሪ ሃምሳ አለቃ እንየው ፖሊሶች አስከትሎ ሲደርስ፣ የሟች ገረድ ማሚቴ ከጓሮው በር ግንድ ጋር በጠፍር ታስራ አገኛት። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ልብሷ ከገላዋ ተጣብቋል። ሴቶቹ በተራ እየመጡ ይተፉባታል። እንየው እንደ ደረሰ ተፍተውባት ከፊቷ ዘወር ያሉት ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ነበሩ።

«ማነው ያሰራት?»

«እኔ ነኝ» አለ አስናቀ፣ የሟች የወንድም ልጅ። ወይዘሮ ዘርፌ ልጅ ስላልነበራቸው ወራሹ እሱ ነው። «ገዳይ ትሽሽ ብዬ ልተዋት ኖሯል? ዛሬውኑ ደብረ ታቦር ትወሰድና ትሰቀል!»

«ትሰቀል!» አለ ሕዝቡ።

እንየው ጩኸት አይወድም፤ እንዲያውም ሰው አይወድም ይሉታል። «ስታጣራ የቆየኸው አንተ ነህ መሰለኝ። በል ንገረኛ» አለው።

«ትናንት ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ቆሜ አስቀድሼ መጣሁ። እዚህ ስደርስ ይቺ እርጉም ከጎመኑ መደብ ቆማ ለአክስቴ ቅጠል ስትሰጣት አየሁ። አክስቴ አኘከችው፣ መረራት፣ ቱፍ ብላ ተፋችው። ከዚያ ወዲያ ራሷን አላወቀችም። የተፋችውን ዛሬ ጠዋት ፈልጌ አገኘሁት፤ ያውና!»

ከጎመኑ ሥር የታኘከ ቅጠል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እንየው ጎንበስ ብሎ አየው። አስተናግር ነው፤ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ ሰውን የሚያስለፈልፍ መርዝ። ዙሪያው ጭቃ ነው፤ ቅጠሉ ግን ጭቃ አልነካውም።

አስናቀ ደመናው የከበደ ሆኖ ሳለ ጋቢውን ዓይኑ ላይ ጋረደ። ደጃፍ ከነበረው እንስራ በቅል ቀዳና ውሃ ጨለጠ። ደግሞም ቀዳ።

«ኧረ በጾሙ! ገና ቅዳሴ ሳይወጣ?» አለች ጎረቤታቸው የሺ።

«ሐዘን አቃጥሎኝ ነው፤ ምን አገባሽ?»

እንየው ወደ ማሚቴ ዞረ። «እመቤትሽ ከቅዳሴ መልስ ምን ቀመሱ?»

«ተልባ።»

«ማን ወቅጦ ማን በጠበጠው?»

«እኔ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። እንየው በእጁ ዝም አሰኘና «ከዚያስ?» አላት።

«ገና ቅዳሴው ሳይወጣ፣ ማሰሮ ውስጥ ከድኜው ውሃ ወረድኩ። ቤቱ ባዶ ነበር።»

«ይመቱሽ ነበር ይባላል።»

«ይመቱኝ ነበር፣ ጌታዬ። ግን…» ስትል የሕዝቡ ጩኸት አቋረጣት።

እንየው ከቤት ገብቶ ማሰሮውን አወጣ፤ በሐዘኑ ግርግር ያጠበው የለም። ከአተላው ውስጥ በጣቱ ዝቆ መዳፉ ላይ አሸው። የተልባ ፍሬ ለስላሳ ነው፤ ያንጸባርቃል። ከመሐሉ ግን በደንብ ያልደቀቀ ጥቁርና ሸካራ ፍሬ ወጣ። መዳፉን ጨበጠና የሟች የነፍስ አባት ቄስ ቀለመ ወርቅ ወዳሉበት ሄደ።

«አባ፣ በንስሐ የነገሩዎትን አልጠይቅዎትም። ሕዝብ ያየውን ብቻ ይንገሩኝ። ትናንት ወይዘሮ ዘርፌ ከቅዳሴው ነበሩ?»

«ነበሩ እንጂ! ዕድሜያቸውን ሙሉ በቂም ከቁርባን ሲሸሹ ኖረው ትናንት ገና ቆረቡ። ከሁሉ ሰው ታርቀው ነው ያቆረብኳቸው። እኔም በደስታ አልቅሻለሁ» አሉት ቄሱ።

እንየው ሁሉንም ጓሮው መሐል ሰበሰባቸው።

«እስቲ ልጠይቃችሁ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ይተፋል?»

«ምን ነካህ!» አለች የሺ። «ሥጋ ወደሙ የገባበት አፍ እንዴት ይተፋል? እንኳን መራራ ቅጠል፣ ዝንብ ቢገባበትም ይውጣታል እንጂ!»

«ታዲያ ሁላችሁም ሲቆርቡ አይታችኋቸዋል። አሁን ይኼ ሰው ቱፍ አለች ሲል አንዳችሁም አልሰማችሁትም፤ ጆሯችሁን ቂም ደፍኖታል። አስናቀ፣ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ቆሜአለሁ አልክ። ቆመህ ቢሆን አክስትህ ሲቆርቡ ታያቸው ነበር፤ ብታያቸው ደግሞ ይህን ውሸት ባልዋሸህ። ታዲያ የት ነበርክ?»

አስናቀ ከንፈሩን ላሰ።

«እኔ ልንገርህ። ማሚቴ ውሃ ስትወርድ ባዶ ቤት ገብተህ የአስተናግር ፍሬ ወቅጠህ ከተልባው ጨመርክ። ይኸውና!» መዳፉን ዘረጋ። «በኋላ ግን ማሰሮው ቢመረመር፣ ባዶ ቤት ማን ገባ እንዳይባል ፈራህ። ስለዚህ ከማሚቴ እጅ የተቀበሉት ቅጠል አስፈለገህ። የታኘከ እንዲመስል ዛሬ ጠዋት ራስህ አኘክኸው። ዝናብ ያደረበት ቅጠል በጭቃ ይለወስ ነበር፤ የአንተው ንጹሕ ነው።» ጋቢውን ከፊቱ ላይ ሳበው። «ኑ፣ ዓይኑን እዩት! ትናንት የሟችን ዓይን ያየ ይፍረድ። አፉስ ለምን ደረቀ? ሐዘን ነው ያቃጠለው?»

ሰው ቀርቦ አየ። በዚያ ብርሃን የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ብቻ ሆኗል።

«ለምን? የገዛ አክስቱን!» አሉ ቄሱ።

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ወደ ፊት ወጡ። «አስናቀ እየሰማ፣ ይህን ጓሮ ለሕሙማን ማረፊያ ልሰጥ ነው ብላኝ ነበር። ጉብኝቱ ሲያልቅ በሕዝብ ፊት ልትናገር…»

«የአያቴን ቦታ!» ብሎ ጮኸ አስናቀ። «የአያቴን ቦታ ለበሽተኛ መተኛ! ሞቷ ሲያንሳት ነው!»

ፖሊሶቹ ከማሚቴ የፈቱትን ጠፍር እሱ ላይ አሰሩበት። ሕዝቡ ደግሞ «ይሰቀል!» አለ፣ በዚያው ድምፅ።

ማሚቴ የሰው ምራቅ ከፊቷ ላይ በእጅጌዋ ጠረገች። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ጠጋ ብለው «ማሚቴ፣ ልጄ፣ በማርያም ይቅር በይን» አሏት።

«እመይቴ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ» አለች ማሚቴ። «እግሬ ላይ ወድቀው፣ እኔን ገረዳቸውን፣ ይቅር በይኝ አሉኝ። ሊቆርቡ ነበርና ነው። እናንተስ ይቅር በይን የምትሉኝ ምን ልትሆኑ ነው?»

የሺ ትናንት ደጃፉ ላይ ያኖረችውን የገብስ ቁና አነሳች።

«እንግዲያው ውጡልኝ። ገብሳችሁን ተዉት፤ የሕሙማን ነው።»

አንድ በአንድ ወጡ። ማሚቴ የጓሮውን በር ዘጋችና መወርወሪያውን አስገባች።