የጋሽ ቡርሀን ማሰሪያ

«ማንም አልተከተለህም?»

«ማንም።»

ጀልባዋ ላይ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ደሞዝ መቅዘፊያውን አሳረፈ። ቀኑ ተጋምሷል። ባሕር ዳር ከኋላ ርቃለች፤ ዘጌ ቅርብ ነው።

ደሞዝ ስሙ አይደለም። እውነተኛ ስሙን የምታውቀው ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሰገነት ብቻ ናት። ለደኅንነት መሥሪያ ቤቱ መልምላ ያሰማራችው እሷ፣ ሪፖርት የሚያደርገው ለእሷ። ሌላ ሰው የለውም።

አሥራ አራት ወር ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ፣ በጋሽ ቡርሀን የብረታ ብረት ቤት፣ የፍሬዛ ማለትም የብረት መቁረጫ ማሽን ሠራተኛ መስሎ ኖሯል። ጋሽ ቡርሀን ፈቃድ ያላቸው የጠመንጃ ጠጋኝ ናቸው። የማይታወቁ ደንበኞች በደላላ ማሰሪያ አሠሯቸው፤ የጠመንጃን አካል ፍሬዛው ላይ አንቆ የሚይዝ፣ መቶውንም በአንድ መጠን የሚያስቆርጥ ብረት። ለጥገና ነው አሏቸው፤ አመኑ።

ምን ጥገና! ይህ ዕቃ ካለ በየጓዳው ጠመንጃ ይመረታል። ደሞዝ የተላከው ዕቃውን ቀድሞ ሊያወጣ፣ ገዢውንም ሊለይ ነው።

ማሰሪያውን ከጆንያ አውጥቶ አቀበላት።

«ያ ሁሉ ጣጣ ለዚህ ነው?» አለች። «ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

እያወራች ቡሎኑን ወደ ቀኝ አዞረችው። የብረቱ መንጋጋ ተከፈተ።

ደሞዝ እጇን አተኩሮ አየ።

ጋሽ ቡርሀን በግራ እጃቸው ነው የሚሠሩት። ለእጃቸው እንዲመች የቡሎኑን ጥርስ በተቃራኒ ይቆርጣሉ፤ ዓለም ሁሉ ወደ ግራ የሚፈታው፣ የእሳቸው ወደ ቀኝ ይፈታል። ደሞዝ ራሱ የመጀመሪያውን ሳምንት ሲታገል፣ «አንተ ልጅ፣ ከብረቱ ጋር ተጣላህ እንዴ?» ብለው ስቀውበታል። አዲስ ሰው ሁሉ ይሳሳታል።

እሷ አልተሳሳተችም።

ጋሽ ቡርሀን ቀደም ሲል አንድ ማሰሪያ ሠርተው ነበር። ገዢዎቹ ሞክረው፣ መጠኑ ተዛብቷል ብለው መልሰውታል።

«የመጀመሪያውን የሞከርሽው አንቺ ነሽ» አላት።

እጇ ጃኬቷ ውስጥ ገባ።

ሽጉጥ።

«አላየሁም ብትል ምን ነበረበት?» አለች በሐዘን።

«ጋሽ ቡርሀንስ?»

«አሥር ሰዓት ላይ ሰዎች ይሄዱባቸዋል። ዕቃው በአንተ እጅ ዱካ ሳይተው ወጣልን፤ እሳቸው ግን ደላላችንን ያውቁታል።»

ደሞዝ ሰውነቱን ወደ ጎን ጣለ። ጀልባዋ ተገለበጠች።

ውኃ። ጩኸት። ሽጉጡ ሰመጠ። ሰገነት ግን ብረቱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ነው። እጅጌዋን ያዘ።

«ልቀቂው! ሰገነት፣ በፈጠረሽ ልቀቂው!»

አልለቀቀችም።

እጅጌዋ ከጣቱ አመለጠ። ሦስት ጊዜ ጠለቀ፤ አላገኛትም። የተገለበጠችውን ጀልባ ይዞ አለቀሰ። ለከሃዲ ይለቀሳል እንዴ? ይለቀሳል እንጂ! ከመለመለችው ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሲታመም «እንዴት አደርህ?» ያለችው እሷ ብቻ ነበረች።

ዘጌ ዳር ሲወጣ አንዲት ሴት ቡና አስጥታ ትጠብቃለች። መርጠቡን አይታ «ውይ በሞትሁት!» አለችና ስልኳን ሰጠችው።

«ጋሼ፣ ደሞዝ ነኝ። ልጅዎን ራሂማን ይዘው አሁኑኑ ይውጡ። ሊገድሏችሁ እየመጡ ነው።»

«ማን? አንተስ በምን አወቅህ?»

«ሰላይ ነኝ ጋሼ። የመጣሁት ለማሰሪያው ነበር።»

ከስልኩ ወዲያ የፍሬዛው ድምፅ ቆመ።

«አሥራ አራት ወር ከገበታዬ በላህ» አሉ። «እንደ ልጄ አስተማርሁህ።»

«አዎ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ። አሁን ግን ይውጡ።»

ራሂማን ሲጣሩ ተሰማው። በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ሲሮጡ ሰማ፤ የጀልባ ሞተር ተነሣ።

«ወደ ደቅ ደሴት ልንሻገር ነው» አሉ እያለከለኩ። «ነፍሳችንን አትርፈሃል፤ ዱዓ ላደርግልህ ነው። እውነተኛ ስምህን ንገረኝ።»

አፉን ከፈተ። የተሰማራ ሰው ስሙን ለማንም አይሰጥም፤ ያወቀ ሁሉ ይታደናል። ጋሽ ቡርሀን ደግሞ የሚታደኑበት በቂ ምክንያት አላቸው።

«ደሞዝ ይበሉኝ።»

«አይ ልጄ» አሉ። «እሺ፣ በእሱ አደርግልሃለሁ።»

ስልኩን ለሴትዮዋ መልሶ አመሰገናት። ከጎብኚዎች ጋር ወደ ባሕር ዳር በሚመለስ ጀልባ ተሳፈረ።